ባትሪው ኪሴ ውስጥ ነበር

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ከሚያምኑት ወገን እንዳልሆንኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ጅኒ አለ የለም ብዬ ከማንም ጋር አልከራከርም፣ መኖሩ ቁርአን ላይ ተጽፏል፣ ግን አላህ ጅኒን የፈጠረው ከተማችን መካነ ሰላም ድረስ መጥቶ ከእኔ ጋር እንዲቀላለድ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ሥራዬ ስልክ መጠገን ነው፣ ሱቄ ከመናኸሪያው ጀርባ ነች፣ ሰው "ስልኬን የሆነ ነገር ይዞታል፣ ብቻውን ይናገራል" እያለ ሲያመጣልኝ ከፍቼ ጉንዳን አወጣለሁ፣ የጤፍ እብቅ አወጣለሁ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም እጥፍጥፍ ያለች ክታብ ከባትሪው ሥር አውጥቻለሁ፣ ባለቤትየዋ ቻርጅ እንዲይዝላት ያስገባቻት ነች፣ ይህን ሁሉ ሳወጣ ግን ጅኒ ወጥቶልኝ አያውቅም።

ደግሞ ሌሊት ነበር፣ ጨለማ ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ነበር እንድላችሁ አትጠብቁ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ እኔም ጤነኛ ነበርኩ፣ ጫት እንኳ ያልያዝኩበት ቀን ነበር። ይህን የምለው ነገሩን ለጓደኞቼ ባወራሁ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ቅመህ ነበር?" ስለሆነ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእናቴ ነው። እናቴ ሉባባ የምትኖረው ከከተማው ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ርቃ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፣ እዚያ ቤት ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ መሀል ቤት ያለው ምሰሶ ላይ፣ እሱም ከሰው ትከሻ ትንሽ ከፍ ብሎ። ስለዚህ ስልኳን በጨርቅ ከረጢት አድርጋ ምሰሶው ላይ ሰቅላዋለች፣ ማውራት የፈለገ ሰው ምሰሶውን አቅፎ ጆሮውን ከረጢቱ ላይ ለጥፎ ነው የሚያወራው፣ በር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ምሰሶው ከሐጅ የተመለሰ ዘመዱ ይመስላል።

ስልኳን የገዛሁላት እኔ ነኝ፣ ባለ ቁልፏን፣ ባትሪዋ ሳምንት የሚቆየውን፣ የገዛሁላትም እህቴ ዘምዘም አረብ አገር ስለሄደች ነው። ዘምዘም የመጨረሻዋ ልጅ ነች፣ በዚህ ዓለም ላይ "አያ" ብላ የምትጠራኝ እሷ ብቻ ነች፣ ሌላው ሁሉ ሰይድ ነው የሚለኝ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፣ ከዚያ በየወሩ ሆነ፣ ከዚያ አንድ ቀን "እመቤቲቱ ስልኬን ልትወስድብኝ ነው" አለችና ድምጿ ጠፋ። አራት ወር ሙሉ። የላካት ደላላ እንኳ ስልኩን ዘግቶ የት እንደገባ አልታወቀም፣ እናቴም ከምሰሶው ስር የማትነሳ ሆነች፣ ምስር ስትለቅም እዚያ፣ ስትሰግድ እዚያ፣ እንቅልፍ ሲጥላት እዚያው ነበር።

እንግዲህ ልክ በዚያ ጊዜ ነው ያ የውጭ አገር ስልክ የሚሉት መዓት በእኛ አገር የወረደው። እናንተም ዘንድ ሳይደርስ አይቀርም፣ ከማታውቁት አገር በማታውቁት ቁጥር አንዴ "ጢር" ይልና ይዘጋል፣ ማን ይሆን ብላችሁ መልሳችሁ ስትደውሉ ወይ ሙዚቃ ያሰሟችኋል፣ ወይ የማይገባችሁን ቋንቋ ያወሩባችኋል፣ ዓላማው የሞላችሁት ካርድ እስኪያልቅ መስመር ላይ ማቆየት ነው። ሌሎቹ ደግሞ "ሽልማት ደርሶዎታል" ብለው የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃሉ። እኔ በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፌ ሱቄ በር ላይ ሰቀልኩ፣ ከውጭ አገር የማታውቁት ቁጥር ከደወለ አታንሱ፣ መልሳችሁም አትደውሉ ብዬ፣ ለመጣው ሁሉ ደግሞ በቃሌ እሰብካለሁ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ።

የሰማኝ ግን አልነበረም፣ እውነቴን ነው። የእኛ ሰው ስልክ ሲደወልለት ማንሳት ብቻ ሳይሆን ሰላምታውን ሳይጨርስ መዝጋት ነውር ይመስለዋል። አባባ ይመር የሚባሉ የከላላ ሽማግሌ አሉ፣ በበቅሎ ገበያ ሲመጡ እኔ ጋ ቻርጅ ያስደርጋሉ፣ አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብለው ሳለ ከነዚሁ አንዱ ደወለላቸው፣ በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራው፣ እሳቸው ደግሞ "እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ከብቱ ሰላም ነው፣ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል፣ አልሃምዱሊላህ፣ እኛ ደህና ነን" እያሉ ቀጠሉ፣ ሰውዬው ቃል ጣል ባደረገ ቁጥር "አሚን፣ አሚን" እያሉ፣ ኋላም ዱአ ጀመሩለት፣ በመጨረሻ ተሰላችቶ ራሱ ዘጋው። ስልኩን አስቀምጠው "ጨዋ ልጅ ነው፣ ችግር ያለበት ይመስላል" አሉኝ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ማን ያጭበረብረዋል፣ አጭበርባሪው ነው መጠንቀቅ ያለበት።

እናቴ ግን እንደ አባባ ይመር አልዳነችም። እሷ ያልተነሳ ጥሪ ባየች ቁጥር ጎረቤት ልጅ ለምና መልሳ ታስደውላለች፣ ካርዱም ያልቃል፣ እኔም በየሳምንቱ እየሞላሁ እቆጣለሁ። አንድ ቀን ምሰሶው ሥር አስቀምጬ በደንብ አስረዳኋት፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴም ነበሩ፣ እትዬ ዘውዴ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፣ በጾማቸው ጊዜ እናቴ ምስር ትለቅምላቸዋለች፣ በእኛ ረመዳን ደግሞ እሳቸው ቴምር ይዘው ይመጣሉ፣ በቀረው ጊዜ ይጨቃጨቃሉ።

"እምዬ፣ አንዴ ጠርቶ የሚዘጋ ከሆነ ሌባ ነው፣ መልሰሽ እንዳትደውይ" አልኳት።

"ሰው ጠርቶኝ አቤት ሳልል ልደር?" አለች።

"የማታውቂው ሰው ነዋ።"

"ዘምዘም ብትሆንስ? በሰው ስልክ ብትሆንስ?"

"ዘምዘም ከሆነች ደጋግማ ትደውላለች" አልኩ፣ በሙሉ ልብ ነው ያልኩት፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ይህን ጊዜ እትዬ ዘውዴ ሰፌዱን አስቀምጠው ጣልቃ ገቡ፣ "ሉባባ፣ ልጁ የሚለው የድሮውን ነው እኮ፣ ረስተሽው ነው እንጂ። ከጓሮ ስምሽን የጠራ ካለ ሦስት እስኪሞላ አቤት አትበይ አይደል የተባልን? ሰው ሦስቴ ነው የሚጠራ፣ ጅኒ ግን አንዴ ጠርቶ ነው የሚጠብቅ፣ አቤት ካልሽው ወሰደሽ።"

"ኧረግ" አለች እናቴ፣ "እንዲህ ብሎ አይነግረኝም ታዲያ?"

እኔ ሦስት ወር የሰበክሁትን እትዬ ዘውዴ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። በሁለት ገበያ ቀን ወሬው አገሩን አዳረሰው፣ ከወግዲ የመጣ ሰው ሱቄ ቆሞ "የውጭ ስልክ ሦስቴ ካልጠራ አይነሳም አሉ፣ ጅኒ ነው አሉ" ብሎ እኔኑ መልሶ አስተማረኝ፣ የኔን ካርቶን ያነበበ አንድም ሰው ሳይኖር። ቢሆንም ካርዱ ማለቁን ስላቆመ ዝም አልኩ፣ መድኃኒቱ ከየትም ይምጣ ብዬ።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልመልሳችሁ። የሱቁን በር ዘግቼ፣ ለእናቴ ዘይትና ሳሙና ይዤ ሄድኩ፣ ምሳ በላን፣ እናቴና እትዬ ዘውዴ አንድ ሰፌድ መሀላቸው አድርገው ምስር ይለቅማሉ፣ እኔ መደብ ላይ ጋደም ብያለሁ፣ ከሦስታችን በቀር በቤቱ ውስጥም በግቢውም ማንም የለም፣ ይህንን ልብ በሉልኝ። ስልኩ ምሰሶው ላይ "ጢር" አለ። አንዴ ብቻ። ተዘጋ።

እናቴ እጇን ከሰፌዱ አነሳች፣ እኔ ተነስቼ አየሁት፣ የመደመር ምልክት ያለበት ረጅም የውጭ ቁጥር ነው። "እነሱ ናቸው" አልኩ፣ ሳቅ እያልኩ።

"መልሰህ ደውል" አለች እናቴ።

"እምዬ፣ ሕጉን ረሳሽው? አንዴ ነው የጠራው።"

"ሆዴ ፈራ። መልሰህ ደውል ወላሂ።"

እትዬ ዘውዴ "ሦስት ይሙላ" አሉ፣ እናቴ "ሆዴን ሦስት ይሙላ በይው እስቲ" አለቻቸው፣ በዚህ ተጀመረ። እኔ ደግሞ ባለሙያ አይደለሁ፣ ነገሩን ለመቁረጥ ብዬ የስልኩን ጀርባ ከፈትኩ፣ ባትሪውን አወጣሁና ኪሴ ከተትኩት፣ ስልኩን ባዶውን ወደ ከረጢቱ መለስኩት፣ "ማምሻውን እመልሰዋለሁ፣ እስከዚያ እነሱም ይሰለቻሉ" ብዬ ወደ መደቤ ሄድኩ። እናቴ ምስሯን መልቀም ጀመረች፣ ግን ጠጠሩን ትታ ምስሩን እየጣለች እንደነበር አይቻለሁ።

ብዙም አልቆየ። መጀመሪያ የሰማሁት የውኃ ድምፅ ነው፣ ቧንቧ ተከፍቶ ሣህን ላይ ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት፣ እናንተ ምን አለበት ልትሉ ትችላላችሁ፣ ያለበት ነገር እናቴ ቤት ቧንቧ አለመኖሩ ነው፣ ውኃ ከምንጭ በጀሪካን ነው የሚመጣው፣ ለአህያ የሚቀዳውን ያህል እንኳ የሚፈስ ነገር በአካባቢው የለም። ጆሮዬ ነው አልኩ። ቀጥሎ ደጅ የታሰረችው አህያ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ወደ ጓሮ ዞረች፣ ዝንብ ነው አልኩ። ከዚያ ከጓሮ፣ ከገለባው ክምር በኩል፣ ወይም ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሴት ድምፅ ጠራኝ።

"አያ።"

ጩኸት አይደለም፣ ሕፃን እያለች ውሻ ሲያባርራት እንደምትጠራኝ ነው፣ እንደዚያው ጫፏ የተቆረጠች "አያ"። እኔም ምኑንም ሳላስብ፣ እንዲሁ ከአፌ አምልጦኝ፣ "አቤት" አልኩ።

እናቴ በስድሳ ዓመቷ ከሰፌዱ ላይ ዘላ እጇን አፌ ላይ ለጠፈችው፣ ምስሩ በሙሉ ቤቱ ውስጥ ተበተነ። "ዝም በል" አለችኝ፣ "ዝም በል፣ አንዴ ነው የጠራህ፣ አውዙ ቢላህ፣ ምን ነካህ?" እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፣ እኔ ልተነፍስ እታገላለሁ፣ እትዬ ዘውዴ በአንድ እጃቸው እያማተቡ በሌላው ምስራቸውን ይሰበስባሉ።

ወጥቼ ጓሮውን ዞርኩት። ገለባ አለ፣ አንዲት ዶሮ አለች፣ ገደሉ አለ፣ ሰው የለም። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁ፣ ቆላው ድረስ ጭር ብሏል። ስመለስ ሁለቱ አሮጊቶች ይጨቃጨቃሉ፣ የሚጨቃጨቁት ደግሞ ስለ ቁጥሩ ነው።

"ሁለት ሞልቷል" ትላለች እናቴ፣ "ስልኩ አንድ፣ የጓሮው ሁለት።"

"የስልክና የአፍ አንድ ላይ አይደመርም" ይላሉ እትዬ ዘውዴ፣ "ጠላና ወተት ተደምሮ ያውቃል? ስልኩ ለብቻው፣ የጓሮው ለብቻው ሦስት ሦስት መሙላት አለበት።"

"ማን አለ ይህን?"

"አሁን እኔ አልኩት።"

"ያንቺን ልጅ ቢጠሩት ይህን አትይም ነበር።"

"የኔን ልጅ ማን ይጠራዋል፣ ወታደር ነው፣ እሱ ነው የሚጣራ።"

እኔ ምሰሶው አጠገብ ቆሜ ልሳቅ ወይስ ልፍራ ብዬ ሳመነታ፣ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። "ጢር፣ ጢር፣ ጢር" አላቆመም። እጄን ኪሴ ከተትኩ፣ ባትሪው አለ፣ ሞቅ ያለ፣ በጣቶቼ መሀል ነው። ስልኩን ከከረጢቱ አወጣሁት፣ ስክሪኑ አልበራም፣ ጀርባውን ከፈትኩት፣ ባትሪው የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ነው፣ ሲም ካርዷ ብቻዋን ተጋድማለች፣ ስልኩ ግን በእጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ወዳጆቼ፣ ስንት ዓመት ስልክ ጠግኛለሁ፣ ይህ አይሆንም። ባትሪው ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሰው ሲጨንቀው የሚናገረው አያጣም መቼም፣ "ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረ ኃይል ይሆናል" አልኩ።

እትዬ ዘውዴ "ካፓሲተር የሚባለው ነው ጅኒው?" አሉኝ፣ የምራቸውን ነው።

"ሦስት" አለች እናቴ፣ "በማንም ቆጠራ ሦስት ነው። አንሳው፣ የኔ ልጅ፣ አንሳው።"

አነሳሁት፣ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። መጀመሪያ ያ ውኃ፣ አሁን ቅርብ ሆኖ፣ ሣህን ከሣህን ሲጋጭ። ከዚያ አንድ ሰው ከሩቅ "አቤት" አለ። የማውቀው ድምፅ ነው፣ ወዲያው ግን ማን እንደሆነ አልመጣልኝም፣ ሰው የራሱን ድምፅ ከውጭ ሲሰማው እንዲህ ነው ለካ። ከዚያ እንደታፈነ፣ የሴት ድምፅ፣ "ዝም በል፣ አንዴ ነው የጠራህ" አለ። የእናቴ። ከሩብ ሰዓት በፊት ያለችው። ከዚያ ቀጥ አለ፣ ስልኩም በእጄ ላይ በድን ሆነ።

ስልኩን በመስኮት ልወረውረው ፈልጌ ነበር፣ ፈርቻለሁ። ግን እናቴ ፊቴን እያየች ቆማለች፣ እሷ ያየችውን ፊት መደበቅ አልቻልኩም። ባትሪውን መልሼ አስገባሁ፣ ስልኩ በዜማው ተከፈተ፣ የጥሪ መዝገቡን አየሁ፣ ያለችው አንዲት ያልተነሳች ጥሪ ብቻ ነች፣ የመጀመሪያዋ። ሌላው የለም፣ ተደውሎም ተነስቶም አያውቅም። ያን ጊዜ እኔ፣ ካርቶን ጽፎ የሰቀለው፣ አገሩን ሁሉ መልሳችሁ አትደውሉ ብሎ ያደነቆረው ሰው፣ ኪሴ ውስጥ የነበረውን ካርድ ሞላሁና መልሼ ደወልኩ።

ጠራ። አንዲት ሴት አነሳች፣ በአረብኛ፣ ኮስታራ ነች። እኔ አረብኛ አልችልም፣ ስልኩን ለእናቴ ወደ ምሰሶው አስጠጋሁላት፣ እሷም ምሰሶውን አቅፋ፣ "አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ" አለች፣ ሴትዮዋ ሰላምታውን መለሰች፣ ይህ ጥሩ ነው። ከዚያ እናቴ ያላትን አረብኛ ሁሉ ፈለገችና አጣች፣ የቀራት የልጇ ስምና "እህቴ" የሚለው ቃል ብቻ ነበር፣ "ዘምዘም" አለች። "ዘምዘም፣ ዘምዘም፣ ያ ኡኽቲ፣ ዘምዘም።"

ሴትዮዋ "ዘምዘም?" አለች፣ ከዚያ ሳቀች፣ "ላ፣ ላ፣ ሹክራን"፣ አልፈልግም አመሰግናለሁ ብላ ዘጋችው። ደግሜ ደወልኩ፣ አላነሳችም። ሦስተኛ ስደውል አንዴ እንኳ ሳይጠራ ተቆረጠ። የገባኝ ያን ጊዜ ነው፣ የእኛ ዘምዘም ለእሷ የመካ ውኃ ነው፣ ከማታውቀው አገር፣ በማታውቀው ቁጥር፣ አንዲት አሮጊት የዘምዘም ውኃ ልትሸጥላት የደወለች መስሏታል፣ ቁጥራችንን ዘግታዋለች። አጭበርባሪዎቹ እኛ ነበርን።

"ሦስቴ ጠርተናት ምን ሆና ነው የማታነሳ?" አሉ እትዬ ዘውዴ፣ በጣም ተቆጥተው፣ "እነሱ ጋ ሕግ የለም?"

መሳቅ ነበረብኝ፣ አልሳቅሁም። እናቴ ምሰሶውን እንዳቀፈች ቀርታለች፣ "ልጄ ነበረች" አለች፣ "በሰው ስልክ ነው፣ አንዴ ነው የቻለች፣ እኔ ደግሞ ሦስት እቆጥራለሁ።" ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፣ የእኔ ነበር፣ ደጋግማ ትደውላለች ያልኩት እኔ፣ ባትሪውን ያወጣሁት እኔ። የሰው ስልክ ለምኖ ለግማሽ ደቂቃ ያገኘ ሰው እንዴት አድርጎ ሦስቴ ይደውላል? ይህንን ለማወቅ ስልክ ጠጋኝ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን ሱቄን በጊዜ እየዘጋሁ እናቴ ዘንድ ዋልኩ። ያልደወለ የለም፣ ሽልማት የደረሰን ሦስት ጊዜ ነው፣ አንዱ በተሰባበረ አማርኛ "እንኳን ደስ አለዎት" ሲላት እናቴ "ልጄ ትምጣና ደስ ይለኛል" ብላ አልቅሳበት፣ ሰውዬው "አይዞሽ እናቴ" ብሎ ዘግቷል፣ ወላሂ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። በስምንተኛው ቀን አንድ ሌላ የውጭ ቁጥር ጠራ፣ እናቴ የመጀመሪያው "ጢር" ሳያልቅ ምሰሶው ላይ ነበረች፣ ሕጉን ያጸደቀችው ራሷ ሻረችው። "አቤት" አለች፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ። ከዚያ እየተንሸራተተች ምሰሶው ሥር ቁጭ አለች፣ ዘምዘም ነበረች።

ሁለቱ ተላቅሰው ሲጠግቡ ተራው ለእኔ ደረሰ፣ ምሰሶውን አቀፍኩ። ያ ቤት ቀርቷል አለችኝ፣ ከአምስት ቀን በፊት ሌላ ቤት አስገብተዋታል፣ ሰዎቹ ደህና ናቸው፣ ስልክ ይፈቅዳሉ። ከዚያ ድምጿን ቀነስ አድርጋ "እምዬ ትሰማለች?" አለች።

"አትሰማም።"

"ያን ቀን ለጥየቃ የመጣችው፣ ስሜን እንኳ የማታውቀው የእመቤቲቱ እናት ስልኳን ረስታው ገባች፣ ደወልኩ፣ አንዴ እንደጠራ መጣችብኝ፣ ዘጋሁት። ወጥ ቤት ገባሁ፣ ለቅሶዬ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፈትኩት። መስኮቱን ከፈትኩ፣ አያ። አራተኛ ፎቅ ነው። አንሶላ ቀጣጥዬ ነበር፣ አይደርስም፣ እንደማይደርስም አውቃለሁ። አንድ እግሬ ወጥቷል። እንዲሁ እንደ ልጅነቴ 'አያ' አልኩ።"

እናቴ ከሥር ፊቴን ታነባለች። "ምን አለች?" አለችኝ፣ "ወጥ ቤት ነኝ አለች" አልኳት፣ ምን ልበላት።

"አቤት አልክ" አለች ዘምዘም። "በዚህ ጆሮዬ። ከውኃው ውስጥ ይሁን ከየት አላውቅም፣ አቤት አልክ። ከዚያ እምዬ ስትቆጣህ ሰማሁ፣ ዝም በል ስትልህ። እግሬን መልሼ አስገባሁ። ቤት ውስጥ ያላችሁ መሰለኝ፣ እናንተ እያላችሁ እንዴት እወርዳለሁ?"

እንባዬ ከረጢቱን አረጠበው፣ እናቴም ይህን አይታ "ምን አለች? ምን አለች?" ትላለች፣ እኔም "ምሳ ሠራሁ አለች" አልኳት። ሰው በጭንቅ ጊዜ የሚፈጥረው ውሸት ሁሉ ስለ ምግብ ነው መሰለኝ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም አልሃምዱሊላህ ብዬ እተወው ነበር፣ ዱአ ደርሶ ነው፣ የእናት ሆድ ነው፣ አላህ ለሚወደው ባትሪ አያስፈልገውም እያልኩ ለሰው አወራው ነበር፣ ብዙ ቦታም እንዲህ አድርጌ ነው የማወራው። ለእናንተ ግን የቀረውን ልንገራችሁ።

ልንዘጋ ስንል ዘምዘም ሳቀች፣ ከአራት ወር በኋላ ስትስቅ መስማቴ ነው፣ "እምዬና እትዬ ዘውዴ ደግሞ ያኔም ይጨቃጨቁ ነበር፣ ጠላና ወተት ምናምን እያሉ፣ ያን ሁሉ ሰምቻለሁ" አለች። እኔም ሳቅሁ። "ያችኛዋስ ማን ናት?" አለች።

"የቷ?"

"የምትስቀዋ። እነሱ ሲጨቃጨቁ ከኋላቸው ሆና የምትስቀዋ ሴት፣ በጣም ነበር የሚያስቃት። ጎረቤት ናት?"

ቤቱ ውስጥ ማን ማን እንደነበረ ነግሬያችኋለሁ። እናቴ፣ እትዬ ዘውዴ፣ እኔ። ዘምዘምም "አያ?" አለች፣ እኔም "አዎ፣ ጎረቤት ናት" አልኳት፣ "አዲስ ናት፣ አታውቂያትም።"

ዘምዘም አሁን በየጁምዓው ትደውላለች፣ ደህና ነች። ለእናቴ ስለ መስኮቱም ስለዚያችም ሴት አልነገርኳትም፣ ብቻዋን ነው የምታድረው፣ ምን ብዬ ነው የምነግራት። እኔ ግን እዚያ ቤት በሄድኩ ቁጥር፣ ሴቶቹ ተሰብስበው አንድ ነገር ሲያስቃቸው፣ አብሬ ከመሳቄ በፊት ስንት እንደሆኑ እቆጥራለሁ።